በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል ወለል

ጭንቅላቱን ተመትቶ የነበረ ሰው በአንደኛው የአፍንጫው ቀዳዳ ብቻ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ሲልበት «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ብሎ መተው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። የሚወርደው ንፍጥ ላይሆን ይችላልና። አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ከቦ የሚጠብቀው ውሃ በተሰነጠቀ አጥንት መሹለኪያ አግኝቶ ይሆናል። ይህን ቀዳዳ የራስ ቅል ሳይከፈት፣ ኢንዶስኮፕ በተባለ ቀጭን መነጽር በአፍንጫ በኩል ገብቶ መድፈን ዛሬ በዓለም ላይ የተለመደ ቀዶ ሕክምና ሆኗል። በእኛ ከተማ በአዲስ አበባ ስሙን የሰማ ጥቂት ነው፤ ሕመሙን ከጉንፋን ለይቶ የሚያውቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ላስተዋውቃችሁ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው። የአንጎል ውሃ የሚመነጨው አንጎል ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ በየትኛውም ሰዓት የሚገኘው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን በቀን የሚመነጨው ግን 500 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። አሮጌው ወደ ደም ሥር እየተመጠጠ አዲሱ ይተካል፤ በዚህ ዓይነት በቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። 1,400 ግራም ገደማ የሚመዝነው አንጎላችን በዚህ ውሃ ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ከታቹ ባለው አጥንት ላይ የሚያሳርፈው ክብደት 50 ግራም እንኳ አይሞላም። ውሃው ሲጎድል ግን አንጎል ዝቅ ይልና ሽፋኖቹን ይስባል። ሲቆሙ የሚብሰው፣ ጋደም ሲሉ ቀለል የሚለው ልዩ ራስ ምታት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንጎል የተቀመጠበት የራስ ቅል ወለል በሁሉም ቦታ እኩል አይወፍርም። በሁለቱ ዓይኖች መሐል፣ በአፍንጫ ጣሪያ ላይ ያለው አጥንት እጅግ የሳሳና እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። የማሽተት ነርቭ ክሮች በእነዚያ ቀዳዳዎች ሾልከው ከአፍንጫ ወደ አንጎል ይወጣሉ፤ ቡና ሲቆላ ከሌላ ክፍል ሆነን የምናውቀው በእነርሱ ነው። ከአጥንቱ በላይ ዱራ የሚባለው ጠንካራው የአንጎል ሽፋን ተጣብቆበታል፣ ከአጥንቱ በታች ደግሞ የአፍንጫ የውስጥ ሽፋን አለ። አንድ ሰው ግንባሩን ወይም የዓይኑን መሐል በኃይል ሲመታ አጥንቱ ሊሰነጠቅ፣ ዱራውና የአፍንጫው ሽፋንም አብረው ሊቀደዱ ይችላሉ። የዚያን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ መቆየት በነበረበት በአንጎል ዙሪያና በተሕዋስያን በተሞላው አፍንጫ መካከል ግድግዳ የሚባል ነገር አይኖርም።

ጭንቅላታቸው ላይ ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል የአንጎል ውሃ የሚፈስባቸው ከ100 ሁለቱ ያህል ናቸው። የራስ ቅላቸው ወለል ከተሰበረባቸው መካከል ግን ቁጥሩ ከ100 ከ10 እስከ 30 ይደርሳል። በተቃራኒው ከሚፈስባቸው ሰዎች ብንነሣ፣ ከ10 ስምንቱ ገደማ መነሻቸው አደጋ ነው። ከቀሩት አብዛኞቹ በአፍንጫ፣ በሳይነስ ወይም በአንጎል ላይ ከተደረገ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጡ ናቸው።

እንግዲህ የአዲስ አበባውን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አስቡት። ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚሄደውና ከወደቡ የሚመጣው ከባድ መኪና የሚጋፋበት መንገድ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። የቀለበት መንገዱ ክፍለ ከተማውን ሰንጥቆት ያልፋል። ከጀሞ ኮንዶሚኒየም እስከ ለቡ፣ ከሃይሌ ጋርመንት እስከ ሃና ማርያም ፎቅ ሲሠራ ያልታየበት ዓመት የለም፤ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆሞ፣ አንዳንዴም ያለ ሄልሜት፣ ብሎኬት የሚያቀብለው ወጣት ብዙ ነው። በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ 400 ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፣ አብዛኛውም እግረኛ ነው። ሞቱ ይቆጠራል። ተርፎ፣ ግንባሩ ተሰፍቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራው የተመለሰው ሰው ግን ከዚያ ወዲያ በአፍንጫው ምን እንደሚወርድ የሚጠይቀው የለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ሰው ነው።

የሚፈስበት ሰው የሚናገረው ነገር ተመሳሳይ ነው። ጫማውን ሊያስር ሲጎነበስ ጠብ ጠብ ይልበታል። ጠዋት ከአልጋው ቀና ሲል በአንድ ጊዜ ፈሰስ ይላል። ሌሊት በጀርባው ሲተኛ ወደ ጉሮሮው ይወርድና ጨው ጨው ይለዋል። መሐረቡ ላይ ያረፈው ሲደርቅ እንደ ንፍጥ አይደርቅም፣ ጨርቁንም አይገትርም። ከሁሉ በላይ የሚለየው በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው፤ ጉንፋንና አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ቀዳዳ ይይዛሉ። አንዳንዱ አደጋው በደረሰበት ዕለት ይጀምረዋል፣ አንዳንዱ ግን እብጠቱና የረጋው ደም ቀዳዳውን ይዞ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው የሚፈስበት። ያን ጊዜ አደጋውና አፍንጫው መገናኘታቸውን ራሱም አያስብም።

ምንም ሳይመቱ የሚፈስባቸውም አሉ። አብዛኞቹ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ክብደታቸው የጨመረ ሴቶች ናቸው። በራስ ቅላቸው ውስጥ ያለው ግፊት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ስሱን አጥንት ቀስ በቀስ ያሳሳውና ይበሳዋል። እነዚህ ታማሚዎች ከማንም ይልቅ ሲንከራተቱ ይኖራሉ፤ የአለርጂ ክኒን፣ የሳይነስ መድኃኒት፣ የአፍንጫ ጠብታ እየተቀያየረ ይሰጣቸዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይፈላላቸዋል፣ ዳማከሴ ተጨምቆ ይማጋል። ለጉንፋንና ለምች እናቶቻችን ያቆዩልንን ማጣጣል አልፈልግም። ነገር ግን ወደ አንጎል በተከፈተ አፍንጫ ውስጥ ያልተጣራ ጭማቂ መሳብ አደገኛ ነው፣ ይህን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ።

የአደጋው ስም ማጅራት ገትር ነው። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ እኛ በሚዘልቀው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ያለች አገር ስለሆነች ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል፣ ይፈራዋልም። በሕዝባችን የሚታወቀው በበጋ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመተው ወረርሽኝ ነው። ይኼኛው ግን ከሰው አይመጣም። በራሳችን አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የሚኖረው፣ ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የተከፈተውን ቀዳዳ ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። በአንቲባዮቲክ ከዳነም በኋላ ቀዳዳው እስካልተደፈነ ድረስ ይመለሳል። ሁለቴ ማጅራት ገትር ይዞት የተረፈ ሰው የራስ ቅሉ ወለል ሊመረመር ይገባዋል የሚባለው ለዚህ ነው።

ምርመራው ከመሣሪያ በፊት በጥያቄ ይጀምራል። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ደርሰው ተራቸውን የጠበቁ አንዲት እናት «ጉንፋኑ አልለቀኝም ልጄ» ሲሉ «እማማ፣ በሁለቱም አፍንጫዎ ነው ወይስ በአንዱ? ወድቀው፣ ተመትተው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥሎ ታማሚው አገጩን ወደ ደረቱ አድርጎ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ጥቂት ይቆያል። ጠብ የሚለው ፈሳሽ በንጹሕ ብልቃጥ ይያዛል። በስኳር መለኪያ ወረቀት መሞከር የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም ተራ የአፍንጫ ፈሳሽና እንባም ስኳር ሊያሳዩ ስለሚችሉ አያስተማምንም። የሚያስተማምነው ቤታ ቱ ትራንስፈሪን የተባለው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ በአንጎል ውሃ ውስጥ ይገኛል፣ በንፍጥና በእንባ ውስጥ አይገኝም፤ የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ለዚህ ምርመራ እንደሚያገለግል አሳዩ። ይህን የሚሠራ ላቦራቶሪ በሌለበት ዋናው ሸክም ሲቲ ስካን ላይ ይወድቃል። ሥዕሉ በስሱ፣ ሚሊ ሜትር በሚሆን ውፍረት ከተነሣ ስንጥቁን አብዛኛውን ጊዜ ያሳያል፤ በስንጥቁ የወረደ የአንጎል ክፍል አለ ተብሎ ከተጠረጠረ ኤምአርአይ ይጨመራል።

የተቀደደው ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ከአደጋ በኋላ የሚፈሰው አብዛኛው፣ ሰውየው ራሱን ከፍ አድርጎ ተኝቶ ካረፈ በሳምንት በአሥር ቀን ራሱ ይዘጋል። የማይዘጋው፣ ተዘግቶ የሚመለሰው፣ ያለ ምት በራሱ የመጣው ነው ወደ ቀዶ ሕክምና የሚሄደው።

እዚህ ለመድረስ የሰው ልጅ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ጋለን የአንጎል ቆሻሻ በአፍንጫ ይወርዳል ብሎ ያስተማረው ትምህርት ከሺህ ዓመት በላይ ሳይናወጥ ቆየ፤ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀርመናዊው ኮንራድ ሽናይደር ንፍጥ ከአፍንጫው ሽፋን እንጂ ከአንጎል እንደማይመነጭ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1899 ለንደን ላይ ሴንት ክሌር ቶምሰን በራሱ የሚፈስን የአንጎል ውሃ ከጉንፋን ለይቶ፣ 21 ታማሚዎችን ሰብስቦ መጽሐፍ ጻፈበት። ቀዳዳውን በቀዶ ሕክምና በመድፈን አሜሪካዊው ዎልተር ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1926 ቀዳሚ ሆነ። ዳንዲ የገባው በግንባር በኩል ነበር፦ አጥንት ቆርጦ፣ የአንጎልን የፊት ክፍል ወደ ላይ ገፍቶ። ብዙ ሰው በዚያ መንገድ ድኗል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። አንጎል ሲገፋ ያብጣል፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ይተዋል። የማሽተት ነርቮቹም ስለሚበጠሱ ብዙው ታማሚ ሽታ የሚባል ነገር አጥቶ ይኖራል።

ነገሩን የለወጠው መነጽር ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የመስታወት ዘንጎችን ደርድሮ ብሩህና ጥርት ያለ ምስል የሚያስተላልፍ መሣሪያ ፈለሰፈ፤ ጀርመናዊው ካርል ስቶርዝ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አምርቶ ለዓለም አዳረሰው። በዚህ መሣሪያም ጀርመናዊው ማልቴ ቪጋንድ እ.ኤ.አ. በ1981 የአንጎል ውሃ የሚፈስበትን ቀዳዳ በአፍንጫ በኩል መድፈኑን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመና የብዙ ሐኪሞችን ውጤት በአንድ ላይ ያጠና ጽሑፍ 289 ቀዳዳዎችን ተመልክቶ በመጀመሪያው ሙከራ 90 ከመቶ፣ የከሸፈው ሲደገም በድምሩ 97 ከመቶ መደፈናቸውን አገኘ። የራስ ቅል ሳይከፈት የተገኘ ውጤት መሆኑን አትርሱ።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል እንግባ። ታማሚው ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ፣ ራሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ተኝቷል። አድሬናሊን የነካ የጥጥ ፈትል በአፍንጫው ውስጥ ይቀመጥና ደም ሥሮቹ እስኪኮማተሩ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ይህ ካልተደረገ አንዲት የደም ጠብታ መነጽሩን ትጋርዳለች። ኢንዶስኮፑ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ከጫፉ መብራት ይወጣል፣ ከበስተ ኋላው ካሜራ ተገጥሞለታል፣ የአፍንጫው ውስጥ በትልቅ ስክሪን ላይ ይታያል። ቀጥታ የሚያይ አለ፣ በ30 ወይም በ70 ዲግሪ ጥግ ዞሮ የሚያይም አለ። ሐኪሙ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ በአንድ እጁ መነጽሩን፣ በሌላው መምጠጫውን ወይም መቁረጫውን ይዟል። የሚሠራበት ቦታ ግራና ቀኙን ስስ አጥንት ብቻ ከለየው ዓይን ጋር ጎረቤት ነው፣ ከበላዩ አንጎል አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ ቀድሞ በሲቲው ሥዕል ላይ የታየ ነው።

ወደ ጣሪያው ሲደረስ ፈሳሹ ራሱ መንገድ ይመራል። ከልብ ምት ጋር እኩል እያለ ብቅ ጥልቅ ይላል። ላይታይ ይችላል ተብሎ ከተገመተ፣ ፍሎረሰይን የተባለ ቀለም በጣም ቀጥኖ አስቀድሞ በወገብ በኩል ወደ አንጎል ውሃው ይሰጣል፤ ከቀዳዳው አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ቦታው አያሳስትም። ከዚያ የሚደረገው ነገር ለማያውቅ ሰው ያስገርማል፦ ሐኪሙ ከመድፈኑ በፊት የቀዳዳውን ዙሪያ የበለጠ ያራቁተዋል። የአፍንጫው ሽፋን በአጥንቱ ላይ ከቀረ ቀዳዳው የሚደፈንበት ጥፍ አይዝም፤ ባዶ አጥንት ላይ ያረፈ ጥፍ ግን ከአጥንቱ ጋር ይዋሐዳል። ጥፉ ከታማሚው ከራሱ ይወሰዳል፤ ከሆዱ ወይም ከጆሮው ሥር ትንሽ ስብ፣ ከጭኑ የጡንቻ ልባስ፣ ከአፍንጫው መሐል ግድግዳ ሽፋን። አንዱ ከአጥንቱ በላይ፣ ሌላው ከበታቹ ይነጠፋል። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ የመሐል ግድግዳው ሽፋን ከነደም ሥሩ ተገሽልጦ፣ ሳይቆረጥ ዞሮ ይለብሰዋል። ደም እያገኘ ስለሚኖር አይደርቅም። ይህን መላ ያመጡት የአርጀንቲና ሐኪሞች ሲሆኑ በአሜሪካ ፒትስበርግ ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ትልልቅ ቀዳዳዎች በአፍንጫ ሊደፈኑ አይችሉም የሚለውን ክርክር የዘጋው እርሱ ነው ማለት ይቻላል። በመጨረሻ የማደንዘዣ ባለሙያው ሳንባውን በአየር ነፍቶ ለጥቂት ሰከንድ ይይዘዋል። ግፊቱ ከፍ ሲል ጠብታ ካልወጣ ሥራው ያዘ።

ሁሉም ቀዳዳ ግን በዚህ መንገድ አይደረስበትም። ከግንባር አጥንት በስተኋላ ወደ ጎን የራቀ፣ ወይም በአደጋው ፊቱ በሙሉ የደቀቀበት ሰው ዛሬም የራስ ቅሉ መከፈት ሊያስፈልገው ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው የተሳካ ቢሆንም ጥፉ እስኪይዝ ድረስ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በሐኪሙ እጅ ሳይሆን በቤተሰቡ እጅ ያለ ነገር ነው። መናፈጥ አይቻልም። ማስነጠስ ሲመጣ አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ነው። ሆድ እንዳይደርቅ አትክልትና ውሃ፣ ካስፈለገም ማለስለሻ ይወሰዳል፣ ምክንያቱም ማማጥ የራስ ግፊት ይጨምራል። የውሃ ጄሪካን መሸከም፣ ጎንብሶ ልብስ ማጠብ፣ ከሰል እፍ እያሉ ማቀጣጠል ለሌላ ሰው ይተው። የጾም ወቅት ከሆነ ስግደቱን ከንስሐ አባት ጋር ተነጋግሮ ማዘግየት፣ ሙስሊም የሆነም ሶላቱን ተቀምጦ መስገድ ይችላል። ይህን ምክር ሐኪሙ ሳይናገር ቢቀር ታማሚው ራሱ ይጠይቅ እላለሁ፤ ሰው በእምነቱ ነገር ሳይነገረው አይቆምምና።

ይህ ሥራ የአንድ ሐኪም አይደለም። አፍንጫውን የሚያውቀው የአንገት በላይ ስፔሻሊስትና አንጎሉን የሚያውቀው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ተጋግዘው የሚሠሩት ነው። ኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲና በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል ከምንለው የሚዩንግሰንግ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል ጋር ሆኖ። ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ የነበሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ጥቁር አንበሳና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሁለቱንም ሙያ የሚያስተምሩ ክፍሎች አሏቸው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታልም የአደጋ ሕሙማንን ተቀብሎ ያክማል። ካሜራው፣ የብርሃን ምንጩ፣ ስክሪኑና ጥቃቅኑ መቁረጫ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው፤ አንድ ዕቃ ሲበላሽ ወረፋው ይረዝማል። እኔ ግን ትልቁ ክፍተት ከዚያ በፊት ያለ ይመስለኛል። ከጀሞ ወይም ከሳሪስ የተነሣው ታማሚ ሪፈሩ ላይ «ሥር የሰደደ ሳይነስ» ተብሎ ከተጻፈ ወረፋው ሌላ ነው፤ «ከአደጋ በኋላ በግራ አፍንጫ ብቻ የሚወርድ ጥርት ያለ ፈሳሽ» ተብሎ ከተጻፈ ግን የሚቀበለው ሐኪም ወዲያው ይነቃል። ይህን አንድ መስመር ለመጻፍ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ያላችሁ ነርሶችና ጤና መኮንኖች፣ «ጉንፋኑ አልለቀኝም» የሚላችሁን ሰው በአንድ ወገን ነው ወይ፣ ተመትተህ ታውቃለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁልን። በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞች፣ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ጭንቅላታችሁን ተመትታችሁ ከወራት በኋላም ቢሆን በአንድ አፍንጫችሁ ውሃ ቢወርድ አትናፈጡ፣ ጥጥ አትወትፉበት፣ ምንም ነገር አትማጉበት። ራሳችሁን ከፍ አድርጋችሁ እረፉ፤ በዚያው ሳምንትም የአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃን መጥላት ወይም መደናገር ከተጨመረበት ግን ሌሊትም ቢሆን ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።